የሐይቅ ድንጋይና የሲሚንቶ ጀበና

የሐይቅና የአምባሰል አባቶችና እናቶች፣ የሆቴልና የሎጅ ባለቤቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከደሴና ከውጫሌ ድረስ የመጣችሁ ወገኖች፤

ዛሬ የማወራው ስለ ቅርፃ ቅርፅ ነው፤ ሆኖም ሙዚየም አልወስዳችሁም። የምወስዳችሁ ሆቴል ነው፣ እንግዳ መቀበያው ድረስ። በአገራችን የሥዕል አዳራሽ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የሆቴል ደጃፍ ያልረገጠ የከተማ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለሠርግ ይገባል፣ ለስብሰባ ይገባል፣ ከውጭ የመጣ ዘመዱን ሊጠይቅ ይገባል፣ ምንም ጉዳይ ባይኖረው ማኪያቶ ሊጠጣ ይገባል። እዚያ መግቢያው ላይ የቆመው ነገር፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ለብዙው ሰው በቅርብ ያየው የመጀመሪያው ቅርፃ ቅርፅ ነው። ስለዚህ ሆቴሉ የግል ቢሆንም እዚያ የሚቆመው ነገር የሁላችንም ጉዳይ ነው እላለሁ። ባለሆቴሎች ቅር አይበላችሁ፤ ሒሳቡን የምትከፍሉት እናንተ መሆናችሁን አልረሳሁም።

ከቻይና ልነሣ። ቻይና ለወሎ ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። እዚሁ ኮምቦልቻ ያለውን የኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረትን አዲስ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2012 ሠርታ ያስረከበችው ቻይና ናት። መንገዷን እንነዳበታለን፣ ስልኳን ኪሳችን ውስጥ ይዘናል። የአንድ ቻይናዊ ቀራፂ ስም ጥሩ ብንባል ግን ከመሀላችን ስንቱ ይጠራል? ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የቻይና ቀራፂዎች ሲታገሉት የኖሩት ጥያቄ ዛሬ የኛው ጥያቄ ነው፦ ከተማው ሁሉ መስታወትና ብረት ሲለብስ፣ ከአያት የወረስነው ውበት የት ይቁም? ደግሞስ እንዴት ሆኖ ይቁም?

ከሻንጋይ በስተ ምዕራብ ታይ የሚባል ሰፊ ሐይቅ አለ። የእናንተ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ታይ ግን በስፋቱ እንጂ በጥልቀቱ አይመካም፣ በአማካይ 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዝናው ግን በድንጋዩ ነው። የሐይቁ ውኃ የኖራ ድንጋዩን ለብዙ ዘመን ሲልሰውና ሲሰረስረው ኖሮ፣ በቀዳዳና በስርጉድ የተሞላ፣ ጭስ የሚመስል ቅርፅ አወጣለት። ከታንግና ከሶንግ ሥርወ መንግሥታት ዘመን ጀምሮ የቻይና ሊቃውንትና ሹማምንት ይህን ድንጋይ ከውኃው እያወጡ በአትክልት ቦታቸው አቆሙት፤ ትንንሹንም በጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት። የድንጋዩም ውበት ሕግ ወጣለት፤ ቀጭን ይሁን፣ ነፋስ ያሳልፍ፣ ቀዳዳ ይኑረው፣ የተሸበሸበ ይሁን ተባለ። በ11ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሚ ፉ የተባለ የታወቀ ሠዓሊና የቁም ጽሕፈት ሊቅ፣ የተሾመበት ከተማ ሲደርስ አለቆቹን እጅ ከመንሣት በፊት ለአንድ ድንጋይ ሰግዶ «ወንድሜ» ብሎ ጠራው ይባላል። እብድ ነው ያሉትም ነበሩ። ድንጋዩ ለሊቁ ትንሽ ተራራ ነበር፤ ቢሮ ተቀምጦ ዱር የሚገባበት።

አሁን ወደ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ቤጂንግ እንምጣ። አሮጌ ሰፈር ይፈርሳል፣ በምትኩ የመስታወት ፎቅ ይነሣል። ባለሕንፃዎቹ «የቻይና ነገር ይኑርበት» ይሉና ከፎቁ ፊት እውነተኛውን የሐይቅ ድንጋይ አምጥተው ያቆማሉ። ድንጋዩ ግን እዚያ ባይተዋር ሆነ። በቀርከሃና በኩሬ መሀል ሲቆም የነበረው ግርማ፣ በመኪና ማቆሚያና በመስታወት ግድግዳ መሀል ሲቆም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1962 ቤጂንግ ውስጥ የተወለደው ቀራፂ ዣን ዋንግ ይህን ተመለከተና በ1995 ሌላ ነገር ሞከረ። እውነተኛውን ድንጋይ አስቀመጠ፤ ስስ የማይዝግ ብረት ላዩ ላይ እያለበሰ፣ እያንዳንዱ ስርጉድና ሽብሽብ እስኪወጣ ድረስ በመዶሻ ቀጠቀጠው። ከዚያ ብረቱን ከድንጋዩ ላይ ገፈፈ፣ ቁርጥራጩን በየዳው፣ ስፌቱ እስኪጠፋ ድረስ ወለወለው። የተገኘው ነገር መልኩ ድንጋይ፣ ውስጡ ባዶ፣ ቆዳው መስታወት ነው። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ራሱን ያይበታል፤ ፎቁም፣ መኪናውም፣ ሰማዩም ተጣጥፈው ይታዩበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዛሬው ወሬዬ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነውና። ዣን ዋንግ ድንጋዩን አላስተለቀም፣ ቀለምም አልቀባውም። «ድንጋዩ ድሮ ለሊቁ ምን ይሠራለት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። መልሱም፦ ሊቁ ዓለሙን በትንሹ ያይበት ነበር። የዛሬው ሰው ዓለም ደግሞ መስታወትና ብረት ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ድንጋይ ይህን ዓለም ማሳየት አለበት። መልኩ የአያት ነው፣ ነገሩ የዛሬ ነው፣ ሥራው ግን ያው የጥንቱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከእነዚህ የብረት ድንጋዮች አንዱን ወስዶ ክፍት ባሕር ላይ እንዲንሳፈፍ ለቀቀው፤ ውስጡ ባዶ ነውና አይሰምጥም። የድንጋይን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ቀልድ ነው፤ ቻይናዎቹ የቀልድ ስሜት የላቸውም የሚለን ካለ አትመኑት።

ወደ ሆቴል ስንመለስ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ባለው ሻንግሪላ ሆቴል ፊት እ.ኤ.አ. በ2012 የቆመ የሌላው ቻይናዊ አርቲስት የዣንግ ኹዋን ሥራ አለ። በማይዝግ ብረት የተሠራ፣ እንደ ዘንዶ የተጠማዘዘ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ርግቦች ወርረውታል። እኔ ይህን ሥራ እምብዛም አልወደውም፤ ለሆቴል ሲባል የተወለወለ ይመስለኛል። የዚሁ ሰው ሌላው ሥራ ግን ልቤን ይነካል። በሻንጋይ ቤተ መቅደሶች ምእመናን ካጨሱት ዕጣን የቀረውን ዐመድ ሰብስቦ በዐመዱ ይቀርፃል፣ ይሥላል። እያንዳንዱ እፍኝ ዐመድ የአንድ ሰው ጸሎት ነበረ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ዕጣን የሚያጨስ፣ በቡና ላይ ዱዓ የሚያደርግ የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ባለሀብቶችን የሚመለከት አንድ ታሪክ ልጨምርና ከቻይና እወጣለሁ። ሹ ቢንግ የተባለ አርቲስት፣ ቤጂንግ ላይ በመሠራት ላይ ለነበሩ ሁለት የቢሮ ሕንፃዎች የጋራ አዳራሽ ቅርፃ ቅርፅ እንዲሠራ ታዘዘ። ቦታውን ሊያይ ሄደ። ያየው ግን ሠራተኞቹን ነው፤ የሚኖሩበትን፣ የሚሠሩበትን። እንዲህ ያለ ያማረ ሕንፃ እንዲህ ባለ ኑሮ መሠራቱ አስደነገጠው። ስለዚህ ከዚያው ግንባታ የተረፈውን አካፋ፣ የራስ ቁር፣ ቱቦ፣ ቀርከሃና የብረት ቁርጥራጭ ሰብስቦ፣ በቻይና አፈ ታሪክ የመልካም ዕድል ምልክት የሆነችውን ወፍ ሁለት አድርጎ ሠራ። እያንዳንዳቸው 30 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። ባለሕንፃዎቹ አልወደዱትም፤ ቆሻሻ መሰላቸው፣ በሚያብለጨልጭ ክሪስታል ይሸፈን አሉ። እሱ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሥራውን የገዛው አንድ የታይዋን ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወፎቹ ኒው ዮርክ ባለ ትልቅ ካቴድራል ጣሪያ ሥር ተሰቅለው ሕዝብ ጎረፈላቸው። ያዘዙት ሰዎች ዛሬ ምን ይሰማቸው ይሆን?

የቻይና ሆቴል ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። እዚያም በወርቅማ ቀለም የተነከረ ፈረስና ዘንዶ ሞልቷል። የዣን ዋንግ የብረት ድንጋይ ራሱ አስመሳይ በዝቶበታል፤ ሐሳብ የነበረው ነገር የቤት ዕቃ ወደ መሆን ተቃርቧል። ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ ያንን መንገድ ይዘን ወደ አገራችን እንግባ።

በአገራችን ከተሞች በየአደባባዩና በየሆቴሉ ደጅ ምን ቆሟል? ጀበና። የሲሚንቶ ጀበና። ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር፣ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ሲኒዎቹን አስከትሎ። ከሱ ቀጥሎ መሶብ፣ ከሱ ቀጥሎ ጋሻና ጦር፣ ከሱ ቀጥሎ አንበሳ፤ አንበሳውም አብዛኛውን ጊዜ የውሻ ፊት ያለው ነው። ትሥቃላችሁ፤ ሁላችንም ስላየነው ነው። እኔ ግን በጀበናው የምከራከረው አስቀያሚ ስለሆነ አይደለም። ጀበና በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ውበቱ በልኩ ነው፤ በአንገቱ ቅጥነት፣ በሆዱ ክበት፣ አንዲት ሴት በአንድ እጇ አንሥታ ጠብታ ሳይፈስ ስትቀዳበት ነው። ሦስት ሜትር ሲሆን ያ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ምልክት ብቻ ነው፣ «እዚህ ባህል አለ» የሚል ማስታወቂያ።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ይህን ጀበና ለዘመናት የሠራችልን ሸክላ ሠሪ በገዛ አገሯ ምን ተብላ ኖረች? ጠይብ፣ ቡዳ። ከሸክላዋ እየበላን ከማዕዳችን አራቅናት፤ ልጇን ለልጃችን ከለከልን። ቀጥቃጩም፣ ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ። ዛሬ ዕቃዋን አግዝፈን አደባባይ እናቆማለን፤ ለሲሚንቶው ለኮንትራክተር እንከፍላለን፤ እሷ ግን ዛሬም ገበያ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በርካሽ ትሸጣለች። ባህልን ማክበር ይህ ከሆነ ባህል ቢቀርበት ይሻለዋል።

አንዳንድ ሰው «እኛ እኮ የቅርፃ ቅርፅ ባህል የለንም፣ ከየት እናምጣ?» ይለኛል። ነገሩ ከፊል እውነት አለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልን በክብር ተቀብላ፣ ዙሪያውን የሚታይ የሰው ሐውልት ግን በመቅደሷ አላቆመችም። እስልምናም በበኩሉ ከምስል ይርቃል። ወሎ ደግሞ የሁለቱም ቤት ነው፤ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። እንግዲህ በዚህ ምድር ከሁለቱም ወገን የሰውን ምስል ቀርፆ ማቆም ልማድ ሆኖ አልኖረም። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ አላየውም። የሰው ምስል ባይኖረንም ቅርፅ አላጣንም፤ እጃችን ሌላ ቦታ ሠራ እንጂ።

አክሱምን አስቡ። ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደገና የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል። አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ግን ምንድን ነው የተቀረፀበት? በር አለው፣ መስኮት አለው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርቧል፤ የወለሉ ጣውላ ጫፍ ሳይቀር በድንጋዩ ላይ ይታያል። ማንም የማይገባበት ሕንፃ ነው። በዚያ ዘመን የአክሱም ቤተ መንግሥት ከድንጋይና ከእንጨት ተጠላልፎ ይሠራ ነበር፤ እኛ የዝንጀሮ ራስ የምንላቸው ክብ የእንጨት ጫፎች ከግድግዳው ይወጡ ነበር። ቀራፂው ያንን የእንጨት ሥራ ወደ ድንጋይ አዛወረው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ላሊበላ ላይ እንዲሁ ሆነ፤ ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሳለ ግድግዳው የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ ያሳያል። እንጨት የለበትም፤ የእንጨት ትዝታ ነው ያለው።

ዣን ዋንግ ከድንጋይ ወደ ብረት ያደረገውን፣ የኛ ሰዎች ከእንጨት ወደ ድንጋይ አድርገውታል። እሱ ስሙን ጻፈ፣ እነሱ አልጻፉም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ የአያትን መልክ በአዲስ ነገር መሥራት ከቻይና የምንገዛው ፈሊጥ አይደለም። እዚህ በእግር ሊደረስበት በሚችል አገር፣ ሰሜን ወሎ ላይ፣ 11 አብያተ ክርስቲያናት ሆኖ ቆሟል፤ ይቅርታ፣ ቆሟል ከማለት ተቆፍሯል ማለት ይቀላል።

ከዚህም አንጻር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሒልተን ነው። የመዋኛ ገንዳው የላሊበላውን የቤተ ጊዮርጊስን የመስቀል ቅርፅ የተከተለ ነው። ብዙ ሰው ዋኝቶበት ሳያስተውለው ወጥቷል። እኔ የምወደው ግን የመስቀሉን መልክ ብቻ አይደለም፤ ገንዳ ወደ ታች የሚቆፈር ነገር መሆኑን ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስም ከላይ ወደ ታች እየተቆፈረ የወጣ ነው። ነዳፊው መልኩን ብቻ ሳይሆን የአሠራሩንም መንገድ ወሰደ። የሲሚንቶ ቤተ ጊዮርጊስ ሠርቶ ደጃፍ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ አላነሣውም ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከሆቴል ውጭ ነው፤ ቢሆንም እንግዳ መቀበያ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ ለኤምባሲው ግድግዳ ትልቅ የአሉሚኒየም ቅርፃ ቅርፅ ሠራ። የብራና ጥቅልሎቻችን መስመር፣ የመስቀሎቻችን ሐረግ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቻችን አካል በብረቱ ላይ እየገባ እየወጣ ይሄዳል። «ይህ መስቀል ነው፣ ይህ ክራር ነው» ብላችሁ ጣት ልትቀስሩ ስትሉ ያመልጣችኋል። ሐበሻነቱ ግን አያመልጣችሁም። በዚህ ዘመን ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ፤ ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የወጣ ሽቦ እየጠለፈ ሰፋፊ ግድግዳ ይሞላል። የሽመናን ትዕግሥት በሽቦ ላይ የምታዩት እዚያ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም ራሱ ግድግዳው ከጭቃና ከጭድ ነው፤ እጅ የዳበሰው ሁሉ ቅርፅ ሆኖበታል። የጭቃ ቤት ድህነት ነው ብለን ለምናፈርስ ለኛ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

እሺ፣ ሐይቅና አምባሰልስ ምን አላቸው? ሀብታችሁን ለእናንተው ልናገር መምጣቴ ድፍረት ነው፤ ግን ሀብት በቅርብ ሲሆን አይታይም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን ትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል፤ ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ታላቅ ማዕርግም የዚህ ገዳም አለቆች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የተጻፈው ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት ሥዕላዊ የብራና መጻሕፍት እጅግ ከጥንቶቹ አንዱ ነው፤ ከሥዕሎቹም መካከል የአባ ኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ምስል አለ። ከ700 ዓመት በላይ የቆየ መስመርና ቀለም ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ አለ ማለት ነው። ገዳሙ ሴቶችን እንደማያስገባ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ የሐይቅ እናቶችና እኅቶች፣ የገዛ አገራችሁን ታላቅ ጥበብ በዓይናችሁ አላያችሁም። የገዳሙን ሥርዓት አልነካም። ወንጌሉን ኮርጃችሁ ቢራ በሚጠጣበት አዳራሽ ስቀሉ ማለቴም አይደለም፤ እንዲያውም አታድርጉት። አንድ ቀራፂ ግን ያንን መስመር አጥንቶ፣ የልብሱን እጥፋት፣ የሐረጉን ጥልፍልፍ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ብረት ቢያዛውረው፣ ማንም የማይሰቀቅበት፣ ሁሉም የሚያየው ነገር ይወጣዋል።

አምባሰል ደግሞ ግሸን አለ። መስቀለኛ አምባ። መስከረም 21 ቀን ስንት ሺህ ሰው ዳገቱን እንደሚወጣ እናንተ ትነግሩኛላችሁ። ያንን ተራራ በሲሚንቶ አሳንሶ መሥራት ጀበናን በሲሚንቶ ከማግዘፍ አይሻልም። ግሸንን የሚያህል ቅርፅ እግዜር ሠርቶ ጨርሶታልና እርሱን እንተወው።

እኔ የምጓጓለት ሌላ ነው፤ ቅኝቱ። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የወሎን ቦታ ስም ይዘው ይጠራሉ፤ አንዱ የእናንተ ነው። የዓለም ሙዚቀኛ አምባሰል ሲል ይህን ተራራ መጥራቱ ነው። ታዲያ በሐይቁ ዳር የሚሠራ ሆቴል ቅኝቱን ለምን አያቆመውም? ድምፅ ይቆማል ወይ ትሉኛላችሁ። ይቆማል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የአምባሰል አምስት ድምፆች እኩል አይራራቁም። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ሙሉ እርምጃ ይዘላል። ቀጥሎ አንድ ሙሉ፣ ቀጥሎ እንደገና ግማሽ፣ ቀጥሎ እንደገና ሁለት ሙሉ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል። በግማሽ ብትቆጥሩት 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። መጠጋት፣ መራቅ፣ መካከል መሆን፣ መጠጋት፣ መራቅ። ስድስት የብረት ወይም የጥቁር ድንጋይ ዘንጎች በዚህ ርቀት ይተከሉ። እንግዳው በመካከላቸው ሲያልፍ በእግሩ አምባሰልን ይለካዋል፤ እዚህ ይጠብበታል፣ እዚያ ይሰፋለታል። ብረት ከሆኑ ደግሞ እንደ ድምፃቸው ተቃኝተው የሐይቁ ነፋስ ይምታቸው። የሰው ምስል የለበትም፣ መስቀልም ጨረቃም የለበትም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ግን የራሴ ነው ይለዋል፤ ሁለቱም ያደጉት በዚያ ዜማ ነውና። ይህ የኔ ሐሳብ ነው፤ የተሻለ ያለው ቀራፂ ይምጣና ያሸንፈኝ።

ሌላ ሐሳብ፤ የስፌት ሴቶቻችን። ስንደዶና አክርማ እያጣመረች፣ በወስፌ እየወጋች፣ ከአንዲት ነጥብ ተነሥታ እየዞረች ሰፌዱን የምታሰፋ ሴት፣ ከመሀል ወደ ውጭ የሚያድግ ቅርፅ እየሠራች ነው። ቀራፂው የሷን አሠራር ይማር፤ በሽቦም በገመድም ይሥራው፤ እሷም አብራ ትሥራ። ክፍያውም እንደ አርቲስት ይሁን እንጂ እንደ ቀን ሠራተኛ አይሁን።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልበል፤ ባለሆቴሎች ሰዓት እያያችሁ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሠራ ከግንባታው ወጪ 1 በመቶው ለኪነ ጥበብ እንዲውል ደንግጋለች፤ በኋላም ሕጉን ወደ ሌሎች የመንግሥት ሕንፃዎች አስፋፋችው። እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። ከጣልያን ለሚመጣ ሴራሚክ፣ ከዱባይ ለሚመጣ መብራት የምታወጡትን ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ላይ 1 በመቶ ቀንሳችሁ ለቀራፂ ብትሰጡ የማንም ክፍል አይጠብም። ነገር ግን ሕንፃው ካለቀ በኋላ «ይህቺን ባዶ ቦታ ሙላልኝ» ብላችሁ አትጥሩት። ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ ይምጣ፤ መብራቱ ከየት እንደሚወርድ፣ ግድግዳው ምን ክብደት እንደሚችል፣ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ ከመሐንዲሱ ጋር ይነጋገር። መጀመሪያ ትንሽ ሞዴል ሠርቶ ያሳያችሁ፤ ውሉ ተጽፎ ይፈረም። ከሠራ በኋላ ካልወደዳችሁትም ክሪስታል አልብሰው አትበሉት። ቀራፂ ከየት እናመጣለን ለምትሉ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት በየዓመቱ ያስመርቃል፤ ከተመራቂዎቹም ብዙዎቹ ሥራ እየፈለጉ ነው።

ወጣቶች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ። የቻይናውን የብረት ድንጋይ በስልካችሁ አይታችሁ እሱኑ አትሥሩ። ዣን ዋንግ መነሻ ያደረገው የገዛ ሐይቁን ድንጋይ ነው፤ እናንተም የገዛ ሐይቃችሁ ዳር ሂዱና ከዚያ ጀምሩ።

በሐይቁ ዳርና በአምባሰል መንገድ ሆቴል በመሥራት ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልመናዬ ይህ ነው። የመግቢያው ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት አንድ ቀራፂና አንዲት ሸክላ ሠሪ ወይም ስፌት ሠሪ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ቡና አፍልታችሁ አነጋግሯቸው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የሁለቱንም ስም፣ ከሆቴሉ ስም ባነሰ ፊደል እንኳ ቢሆን፣ ከሥሩ ጻፉላቸው።